እልል የተባለላት መስኮት

አታምኑኝም። አውቃለሁ፣ አታምኑኝም። ግን እስኪ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፦ መስኮት እልል ሲባልላት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሙሽራ አይደለም ያልኩት፤ መስኮት! ጭቃ ግድግዳ ላይ ያለች፣ ሁለት ክንድ የማትሞላ፣ አንዲት የእንጨት መዝጊያ ያላት መስኮት። ሽማግሌ ቆሞላት፣ ምስክር ተጠርቶላት፣ ጎረቤት በዝናብ ሮጦ መጥቶ እልል ተብሎላታል። ውሸት ነው የሚል ካለ አሁኑኑ እጁን ያውጣ። ኋላ ሲስቅ ፊቱን እንዳይደብቅብኝ።

ማንም የለም? ጥሩ።

ሳር አምባ የምትባል መንደር አለች። ገደል አፋፍ ላይ ቁጭ ያለች፣ ጭላዳ ዝንጀሮ ከሰው እኩል ፀሐይ የሚሞቅባት መንደር። ቤቶቿ ክብ ክብ ናቸው። ጣሪያው ሳር፣ ግድግዳው ጭቃ፣ መስኮት ግን የሚባል ነገር የለም፤ የድሮ ሰዎች ብርዱን ፈርተው እንደዚያ ሠርተውታል። ቱሪስት መጥቶ አፉን ከፍቶ ፎቶ ያነሳል፣ ይሄዳል። ፎቶው ምንም አልነበረም። ጣጣው የመጣው መንደሯ «ጥብቅ ስፍራ» የተባለች ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው በገዛ ቤቱ ሚስማር ለመምታት ፈቃድ፣ አጥር ለማዞር ፈቃድ፣ የዶሮ ቆጥ ለመሥራት ፈቃድ ሆነ። አንዱ ሰውዬ በሩን ሰማያዊ ቀለም ቀብቶ ሳይደርቅ፣ አስፍቀው ጭቃ አስለቅልቀውታል።

ፈቃዱን የሚሰጠው ደግሞ ኢንጅነር ሙሉሰው ነው። ከከተማ የመጣ ወጣት፣ ጭቃ በጭቃ በሆነ አገር ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ የማያውቀው ነገር የሌለ። ስለ ሳር ብትጠይቁት ያውቃል፣ ስለ ዝንጀሮ ብትጠይቁት ያውቃል፣ ስለ እናታችሁ ቤት ከእናታችሁ በላይ ያውቃል። ክፉ ግን አይደለም። ክፉ ቢሆንማ ይሻል ነበር! ክፉ ሰው «አይሆንም» ይላል፣ ሰውም ተራግሞ ይገላገላል። ሙሉሰው «አይሆንም» ማለት አይወድም፣ ሰው ይጠላዋላ። «ይሁን» ማለትም አይወድም፣ ነገ አለቃው «ማን ፈቀደ?» ቢለውስ? ስለዚህ ይቀጥራል። ሐሙስ ይላል። ሐሙስ ስትሄዱ ለሌላ ሐሙስ ይላል።

አያ ዳኘው የሚባሉ የመንደሩ ሽማግሌ ሽንት ቤት ልቆፍር ብለው ሄደው ነበር። «አባቶቻችን ሽንት ቤት ነበራቸው ወይ የሚለው በደንብ መጠናት አለበት» ብሎ ቀጠራቸው። ይኸው ጥናቱ እስኪያልቅ አያ ዳኘው በየጠዋቱ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከዝንጀሮ ጋር ገደል ለገደል ይሄዳሉ።

እሺ፣ አሁን ወደ እትዬ አንጓች።

እትዬ አንጓች ስፌት ሰፊ ናቸው። ሙዳይ፣ ሌማት፣ መሶብ፤ የሳቸው እጅ የነካው መሶብ ገበያ ላይ አያድርም። በበጋ በራቸው ላይ ቁጭ ብለው ይሰፋሉ። ክረምት ሲገባ ግን ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነስቶ ሰተት ብሎ ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ እሳት ይነዳል፣ ቤቱ ጨለማና ጭስ ይሆናል። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚኖሩት በዚሁ ስፌት ነው። የማያዩትን ደግሞ እንዴት ይስፉት?

ትርንጎ የምትባል ልጅ አለቻቸው። ጤና ኬላ ነው የምትሠራው። ሥራዋ ቤት ለቤት እየዞረች «ጭስ ሳንባ ይበላል፣ መስኮት ክፈቱ» እያለች ማስተማር ነው። ሰዉም «የቱን መስኮት?» ይላታል። እንደውም አንዷ ሴትዮ ሰው በተሰበሰበበት «አንቺ፣ ቀድመሽ የእናትሽን አስከፍቺ» ብላ አሳፍራታለች።

አንድ ቀን እንግዲህ እናትና ልጅ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ኢንጅነሩ ቢሮ ሄዱ። ዝናቡ ገና አልገባም።

«እንደምን ዋልክ ልጄ» አሉ እትዬ አንጓች። «አንዲት መስኮት ልከፍት ፈልጌ ነው። ለስፌቴ ብርሃን እንድትሰጠኝ፣ ጭሱም እንዲወጣልኝ። በገደሉ በኩል ስለሆነ ቱሪስቱም አያያት። የሚያያት ዝንጀሮ ነው።»

ሙሉሰው ወንበሩን ወደ ኋላ ለጠጥ አደረገ። «እናቴ፣ መስኮት ቀላል ነገር እንዳይመስልዎት። መስኮት ማለት የግድግዳ ቁስል ነው።»

«ቁስሉን እኔ አስታምመዋለሁ።»

«ጉዳዩ እኮ የሕግ ጉዳይ ነው።»

«ሕጉ ይከለክላል?» አለች ትርንጎ ከእናቷ ኋላ ብቅ ብላ።

ሙሉሰው ቀና አለ። እስከዚያ አላያትም ነበር። ካያት በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ማየት አቃተው።

«እ… አይከለክልም። ባለሙያው ካመነበት ይቻላል ነው የሚለው።»

«ባለሙያው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እና ታምንበታለህ?»

«እሱን ለማወቅ የመስክ ምልከታ ያስፈልጋል።»

«በል ተነስ እንሂዳ። ቤታችን ያውና፣ ከዚህ ይታያል።»

«በቀጠሮ ነው» አለ ሙሉሰው። «ሐሙስ። አንቺም ብትኖሪ ጥሩ ነው… ማብራሪያ ካስፈለገ።»

ሐሙስ ዕለት መጣ። ከዚያ ሁሉ ፀሐይ ገብቶ ጨለማ ውስጥ ሲቆም ዓይኑ ምንም አላይ አለው። በሩ ጥግ ላይ እህል የሚቀመጥባት የጭቃ ጎታ ቆማለች፣ ቁመቷ የሰው ያህል። እትዬ አንጓች ጋቢ ደርበውባታል፣ ከላይ ደግሞ ያጠቡትን ሻሽ አስጥተውባታል። ታዲያ ኢንጅነሩ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጎንበስ ብሎ፣ በሁለት እጁ፣

«እንደምን ዋሉ እማማ! ደህና ነዎት? በጎ ነው?» አላት።

ጎታ ምን ትበል? ዝም።

«ኧረ አይነሱ! አይነሱ በሞቴ!»

እሷም አልተነሳች። ትርንጎ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ግድግዳውን ያዘች። እናትየው ነገሩን ሊያስረዱት አፋቸውን ሲከፍቱ ትርንጎ ቀደመች፤

«እማማ ጆሯቸው ትንሽ ይከብዳል» አለችው።

«አይይ፣ እርጅና!» አለ ሙሉሰው ከልቡ አዝኖ። ከዚያ ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ፣ ጆሮውን ለጠፈበት፣ ራሱን ነቀነቀ። «ይሄንን ኮሚቴ ሊያየው ይገባል» አለና ሲወጣ ጎታዋን እጅ ነስቶ ወጣ።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ። እትዬ አንጓች በሄዱ ቁጥር አንድ ነገር አይጠፋም። ዛሬ ኮሚቴው አልተሟላም። ሌላ ቀን ማህተም የያዘው ሰው ለቅሶ ሄዷል። ሌላ ቀን ደግሞ፣

«መብራት ጠፍቷል እናቴ።»

«ለመስኮት መብራት ምን ያደርጋል? መስኮት የምለምንህ መብራት ስለሌለኝ አይደለም እንዴ?»

«እሱስ ልክ ነዎት። ሐሙስ ይመለሱ። ልጅዎንም ይዘዋት ይምጡ።»

ይቺን «ልጅዎንም» የምትለዋን አንድ ቀን ረስቷት አያውቅም። ገባችሁ አይደል? መስኮቷ ብትፈቀድ ትርንጎ ምን ልታደርግ ቢሮው ትመጣለች!

በመጨረሻ እትዬ አንጓች ታከታቸው። «ልጄ፣ አይሆንም በለኝና ልረፍ» አሉት።

«ኧረ እናቴ! መቼ አይሆንም አልኩ?»

«እሺ፣ ይሆናል በለኝ።»

«መቼ ይሆናል አልኩ?»

«እና ምንድነው ያልከው?»

«ሐሙስ ይመለሱ ነው ያልኩት።»

እንዲህ እንዲህ እያለ ክረምቱ ገባ። ጉሙ መጣ፣ በሩ ተዘጋ፣ ጭሱ ቤቱን ሞላው። እትዬ አንጓች አንዲት ሴትዮ ለልጇ ሰርግ ያዘዘቻቸውን መሶብ በዚያ ጨለማ ውስጥ በዳበሳ ሰፉ። ዝናቡ አባራ ብሎ ወደ ደጅ ሲያወጡት ቀዩ የሚገባበት አረንጓዴ ገብቷል፣ ሐረጉ ተንጋዷል፣ ክዳኑ ደግሞ ለሌላ መሶብ የተሠራ ይመስላል። ያዘዘችው ሴትዮ መጥታ ክዳኑን አንስታ አገላበጠችው።

«እትዬ፣ ይሄ ክዳን ነው ወይስ ኮፍያ?» ብላ ትታው ሄደች።

ያን ቀን እትዬ አንጓች አለቀሱ። ትርንጎ መጥታ «ዓይንሽን ላስመርምርሽ እማ» ስትላቸው «ዓይኔ ደህና ነው» አሉ። «የታወረው ቤቴ ነው።» መሶቡን ከጎታዋ አጠገብ ወርወር አድርገው «መስኮቷ ክረምቱ ሳይወጣ ካልደረሰችልኝ ይሄን ሥራ መተዌ ነው» አሉ።

ታዲያ በዚያው ሰሞን ምን ተሰማ? ኢንጅነር ሙሉሰው ትርንጎን ሊያገባ ሽማግሌ ሊልክ ነው!

ዘመዶቹ ሩቅ ስለሆኑ የመንደሩን ሽማግሌዎች ለመነ። አያ ዳኘውን፣ ደግሞም ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎችን፤ አንዱ አጥራቸው ወድቆ ፈቃድ የሚጠብቁ ናቸው። ሰው እንዴት ደፍሮ ቢባል፣ ፍቅር ነዋ! ፍቅር የያዘው ሰው ማንን ስንቴ እንደቀጠረ ያስታውሳል?

ወሬው ቀድሞ ቤት ደረሰ። እትዬ አንጓች ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀመጧት።

«ትርንጎ፣ ይሄን ልጅ ትፈልጊዋለሽ?»

ትርንጎ ጥፍሯን አየች። «ሰውየው አይከፋም እማ። ጭንቅላቱ ነው መስኮት የሌለው።»

«እሱስ ይከፈታል» አሉ እትዬ አንጓች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፊታቸው ላይ አንዲት ፈገግታ ተቀምጣ ከረመች።

ሽማግሌዎቹ መጡ። እንደ ወጉ በሩ ጋ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«ተቀመጡ እንጂ» አሉ እትዬ አንጓች።

«የመጣንበት ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ አያ ዳኘው። «ልጅሽን ለልጃችን ብለን ነው የመጣነው።»

እትዬ አንጓች ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መደባቸው ላይ ወደ ኋላ ለጠጥ አሉ።

«ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ» አሉ። «ልጅ መስጠት ማለት የቤት ቁስል ነው። የመስክ ምልከታ ያስፈልገዋል።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። መጀመሪያ የገባቸው አያ ዳኘው ናቸው፤ ጢማቸውን በእጃቸው ሸፍነው ወደ ጣሪያ አንጋጠጡ። «እና መቼ እንምጣ?» አሉ፣ ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ።

«ሐሙስ።»

ሐሙስ መጡ።

«ኮሚቴው አልተሟላም» አሉ እትዬ አንጓች።

«የምን ኮሚቴ ነው ደግሞ?»

«እኔ፣ ትርንጎና ድመቷ። ድመቷ አይጥ ፍለጋ ወጥታለች።»

«እንግዲያው እምቢ ብላለች ብለን እንንገረው?»

«ኧረ በሉ! መቼ እምቢ አልኩ? ሐሙስ ተመለሱ ነው ያልኩት።»

ኢንጅነር ሙሉሰው መልሱን ሲሰማ ምግብ ተዘጋው። ጫማውን መጥረግ ተወ። «ምን ብላችሁ ነው የምትጠይቁልኝ? እንዴት አድርጋችሁ ነው የምትቆሙት?» እያለ ሽማግሌዎቹን ሲያስጨንቃቸው ከረመና በመጨረሻ አንድ ዘዴ መጣለት። ጠያቂው ራሱ ከሽማግሌ ጋር መሄድ ነውር ነው። ጋቢ ተከናንቦ ሽማግሌ መስሎ ቢሄድስ? ቤቱ እንደሆነ ጨለማ ነው፣ ማን ያየዋል! ጨለማው ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመው።

ሐሙስ ዕለት ዝናቡ ይወርዳል። ሦስት የነበሩት ሽማግሌዎች አራት ሆነው ገቡ። አራተኛው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተሸፋፍኖ፣ የተዋሰውን ከዘራ ይዞ፣ ጎብጦ ጎብጦ መሬት ሊነካ ደርሷል። እንደገባ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ወደ በሩ ጥግ ዞረና ድምፁን አወፍሮ፣

«እንደምን ከረሙ እማማ፤ ጆሮዎ ተሻለዎት?» አለ።

አቤት! በዚያ አገር ጎታ ሰላም የሚል ሰው አንድ ብቻ ነው። እትዬ አንጓች ከንፈራቸውን ነከሱ። ትርንጎ ከጎታዋ ኋላ ተሸሽጋ ነበር፤ እዚያው ቁጢጥ ብላ ቀረች።

«ዛሬ አንድ ሽማግሌ ጨምራችኋል» አሉ እትዬ አንጓች።

«ከሩቅ የመጡ ናቸው» አሉ አያ ዳኘው።

«ዕድሜ ይስጣቸው። ድምፃቸው ግን ገና ጢም አላወጣም።» ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ቀጠሉ፤ «ያ ጉዳያችሁ እንኳ ሊያልቅ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ማህተም የያዘው ሰው ለቅሶ ሄዷል። ሐሙስ…»

«የምን ማህተም!» ብሎ አራተኛው ሽማግሌ ጮኸ። ጋቢው ከትከሻው ወረደ፣ ከዘራውም ከእጁ ወደቀ። «ልጅ ለመስጠት የምን ማህተም ነው? ሽማግሌ እንዲህ ይመላለሳል? እትዬ አንጓች፣ እኔ ወጉን አውቃለሁ!»

«ውይ፣ ኢንጅነር ነህ እንዴ?» አሉ እትዬ አንጓች። «ጨለማ ሆኖ እኮ አላየሁህም። ወጉ እንዴት ነው ልጄ? እስኪ ንገረን፣ አንተ የማታውቀው የለም።»

ነገሩ ከተገለጠ ወዲያ ሙሉሰው ማፈሩን ተወና ቀጥ ብሎ ቆመ። «በኛ አገር መስጠት የማይፈልግ ሰው ሽማግሌ በመጣ በመጀመሪያው ቀን ልጄ አልደረሰችም ብሎ ይሸኛል። ቀጥሮ፣ እንደገና ቀጥሮ፣ አንድም ቀን እምቢ ያላለ ሰው ግን ሰጥቷል ማለት ነው! አለቀ! ሽማግሌዎቹ ይመስክሩ። ዋሸሁ?»

«አልዋሸህም» አሉ ሽማግሌዎቹ። እውነቱን ነዋ፣ ወጉ እንደዚያ ነው።

«እነዚህን የመሰሉ ሰዎች ምስክር አድርገህ ነው የምትናገረው?» አሉ እትዬ አንጓች።

«አዎ!»

«እየቀጠረ የመለሰ፣ እምቢም ያላለ፣ ሰጥቷል?»

«ሰጥቷል!»

«በል እንኳን ደስ አለህ፣ ልጄን ሰጥቼሃለሁ» አሉ እትዬ አንጓች ብድግ ብለው። «አያ ዳኘው፣ መቆፈሪያውን ያቀብሉኝ፤ ያው ከበሩ ኋላ አለ።»

«መቆፈሪያ ለምን?» አለ ሙሉሰው ደስታው ፊቱ ላይ እንዳለ ደርቆ።

«ግድግዳዬን ልከፍተዋ! አንተ እኮ ልጄ መስኮቴን የሰጠኸኝ ገና ዝናብ ሳይጥል ነው። ስንቴ ቀጠርከኝ! አንድ ቀን እንኳ እምቢ አልከኝ? እኔ ሞኟ ወጉን የሚነግረኝ አጥቼ፣ ከተዳረች የቆየች መስኮት ይዤ በጨለማ ተቀምጫለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ከዘራቸውን መሬት ላይ ደበደቡ። ሙሉሰው እጁን ወደ ላይ አነሳ።

«ቆይ፣ ቆይ! የጋብቻ ወግና የመስኮት ሕግ አንድ አይደለም!»

«ልክ ብለሃል» አሉ እትዬ አንጓች ረጋ ብለው ተመልሰው እየተቀመጡ። «እኔ እኮ አላስገድድህም። ምረጥ፤ ወይ ሁለቱም ተሰጥተዋል፣ ወይ ሁለቱም ኮሚቴ ይጠብቃሉ። ማህተሙ እንደሁ ለቅሶ ላይ ነው።»

ዝናቡ ብቻ ሳሩን ይመታዋል። ሙሉሰው ወደ አያ ዳኘው አየ፣ አያ ዳኘው ጣሪያውን አዩ። ከዚያ ከጎታዋ ኋላ አንዲት ድምፅ መጣች፤

«በኛ በኩል ድመቷ ተመልሳለች፣ ኮሚቴው ተሟልቷል» አለች ትርንጎ። «በናንተስ በኩል?»

ሙሉሰው የወደቀውን ከዘራ አነሳ። «በኛም… ተሟልቷል።»

«እና?»

«እናማ… ባለሙያው አምኖበታል።»

እልልልልል! እትዬ አንጓች አቀለጡት። አያ ዳኘው ደግሞ እልልታው ሳያልቅ «እኔስ? የኔ ሽንት ቤት ስንቴ ተቀጥራለች! እሷም ተድራለች!» ሲሉ፣ ሌላው ሽማግሌ «አጥሬም!» አሉ። ጎረቤት እልልታውን ሰምቶ በዝናብ ሮጦ መጣ፣ እየረጠበ በሩ ላይ ተጋፋ።

«ማን ተዳረ? ማን ተዳረ?»

«መስኮቴ!» አሉ እትዬ አንጓች። «ትርንጎም አብራ።»

ጎረቤቱ አልገባውም፤ ግን እልል ከተባለ እልል ነው፣ ተቀበለ። ይኸው ነው እልል ተብሎላታል ያልኳችሁ። እጁን ያወጣ አለ?

ዝናቡ ሲያባራ ሙሉሰው ፈቃዱን እዚያው ጻፈ፣ መቆፈሪያውንም ራሱ ያዘ። ሙያው ግን አለቀቀውም። «በገደሉ በኩል ብቻ፤ መዝጊያው የወይራ እንጨት፤ ዙሪያው በጭቃ ይለሰን፤ ቆርቆሮ እንዳላይ» እያለ ይቆፍራል። አማቱም ይሁን ብለው ዝም አሉት። ጭቃው ተናደ፣ ከገደሉ በኩል ፀሐይዋ ሰተት ብላ ገባች። ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ ፀሐይ አይቶ የማያውቀው ጥግ ሁሉ ፏ አለ። ያ የተንጋደደው መሶብ ታየ፣ ድመቷ ታየች፣ ሙሉሰውም እስከ ጆሮው ጭቃ ሆኖ ታየ።

ብርሃኑ በሩ ጥግ ድረስ ደርሶ ጎታዋ ላይ አረፈ። ጋቢዋን ደርባ፣ ሻሽዋን ጣል አድርጋ ቆማለች።

ሙሉሰው መቆፈሪያውን እንደያዘ ፈዞ ቀረ። ጎታዋን አየ፣ ትርንጎን አየ፣ ተመልሶ ጎታዋን አየ።

«እ… እማማ የታሉ?» አለ ቀስ ብሎ።

«ያቻትልህ» አሉ እትዬ አንጓች። «ሁለቴ ሰላም ብለሃት አልመለሰችልኝም ብለህ ግን እንዳይከፋህ። እምቢ አላለችህም፤ ቀጥራህ ነው።»

በሉ እንግዲህ፣ ይቺን ወሬ ለሰው ንገሯት፤ ቀጠሮ የሚያበዛባችሁ ሰው ካለ ደግሞ በተለይ ለሱ ንገሩት። «ሐሙስ እንነግራለን» ካላችሁኝ ግን፣ ነግራችኋል ብዬ እልል እላለሁ።